ዮጋ እና ጥቁር ወንዶች በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ ዮጋ ሲባል ቶሎ ዓይን ላይ የሚመጣው የማስታወቂያዋ ቀጭን ነጭ ሴት ናት። ጥቁር ወንድ ክፍሉን ከፍቶ ሲገባ «ተሳስቶ ይሆን?» የሚል አስተያየት ቢገጥመው አይገርምም። ግን ትውውቁ የትናንት አይደለም። የቅርጫት ኳሱ ከሪም አብዱል-ጃባር ለዓመታት ዮጋ ይሠራ ነበር። 20 የውድድር ዘመን ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ጫማውን ሲሰቅል ዕድሜው 42 ነበር። ያን ያህል ለመቆየቱም ዮጋን ያመሰግናል።

ነገሩ የጤናም ጉዳይ ነው። በአገሩ ከጥቁር አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የደም ግፊት አለባቸው። ዮጋና ረጋ ያለ አተነፋፈስ ግፊትን በመጠኑ ለማውረድ ያግዛሉ፤ ኪኒን ግን አያስጥሉም።

ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ባልቲሞር ናት፤ ሐበሻ ከሞላባት ዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል። አሊ እና አትማን ስሚዝ የተባሉ ወንድማማቾች ከጓደኛቸው አንድሬስ ጎንዛሌዝ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2001 ሆሊስቲክ ላይፍ ፋውንዴሽን የተባለ ዮጋ የሚያስተምር ድርጅት መሠረቱ። ወንድማማቾቹ የዚያው የምዕራብ ባልቲሞር ልጆች ናቸው። የሰፈር ልጅ ሲያስተምር የሚሰማው ብዙ ነው። ድርጅቱ በሠራበት ሮበርት ኮልማን በተባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የተደባደበ ልጅ ለቅጣት ከመቀመጥ ይልቅ ትራስ ወደተደረደረበት ጸጥ ያለ ክፍል ይሄድ ነበር። ይተነፍሳል፣ የሆነውን ያወራል፣ ሲበርድለት ወደ ክፍሉ ይመለስ ነበር።

ከእንቅስቃሴዎቹ በላይ ግን ወሳኙ የአስተማሪው አያያዝ ይመስለኛል። በሆድ ተኝቶ እጅን ከኋላ ማቆላለፍ ለሌላው ጀርባ ማጠንከሪያ ነው። ፖሊስ መሬት ላይ አስተኝቶ ካቴና ላጠለቀበት ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። አስተዋይ አስተማሪ ይዘለዋል። ሳያስፈቅድም ሰው አይነካም። መጨረሻ ላይ በጀርባ የሚተኛበት እረፍት ሻቫሳና ይባላል፤ ቃሉ በሳንስክሪት «የሬሳ አተኛኘት» ማለት ነው። ስሙ ራሱ የሚከብደው አለ፤ እንዲህ ላለው «እረፍት» ማለት ይበቃል። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» የሚል ትእዛዝም የለም። የፈለገ ይጨፍናል፣ ያልፈለገ ጣሪያውን ያያል። በሩን እያየ ማረፍ የሚሻም ምንጣፉን ያዞራል።