ፒችትሪ ሰርቨር ላይ ሲዘገይ፦ የሒሳብ ሶፍትዌርን የማፍጠን ሥራ

አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው «ፒችትሪ የሚችል» የምትለዋን ሐረግ በደንብ ያውቃታል። ኮሌጆችና ማሠልጠኛ ማዕከላት ራሱን የቻለ ኮርስ ከፍተው ያስተምሩታል። ሶፍትዌሩ የተወለደው በ1970ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛው። ከ2013 እትም ጀምሮ ስሙ ሴጅ 50 ሆኗል። እኛ ጋ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው።

አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ሲሠራበት ቀልጣፋ ነው። ጣጣው የሚመጣው ዳታው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ሦስት አራት ሰው አንድ ላይ ሲገባበት ነው። ኢንቮይስ ሴቭ ማድረግ ደቂቃ ይፈጃል። ትሪያል ባላንስ (የሒሳቦች ማመዛዘኛ ሪፖርት) ከታዘዘ በኋላ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሠራተኛው «ሃንግ አደረገ» ብሎ በግድ ይዘጋዋል፤ በዚያው ፋይሉ ይጎዳል። ያኔ አብዛኛው ድርጅት አዲስ ሰርቨር ለመግዛት ፕሮፎርማ ይሰበስባል። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ ጉልበት አይደለም፤ ዳታው ከሰርቨሩ ተነሥቶ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ እስኪደርስ የሚጓዝበት መንገድ ነው።

ይህን ለማጣራት ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ከባድ ሪፖርት ይመረጥ፤ ለምሳሌ የዓመቱ ጀነራል ሌጀር (ዋናው የሒሳብ መዝገብ)። መጀመሪያ ራሱ ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ መክፈትና በስልክ ሰዓት መያዝ። ቀጥሎ ያንኑ ሪፖርት ከሠራተኛው ኮምፒውተር መክፈት። ሰርቨሩ ላይ 15 ሰከንድ፣ ጠረጴዛ ላይ 3 ደቂቃ ከፈጀ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ሁለቱም ጋ እኩል የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን፣ ዳታውንና የሶፍትዌሩን አሠራር መመርመር ነው። ይህ ሳይለይ የሚደረግ ግዢ ገንዘብ ማባከን ነው።

ነገሩ የሚገባው የፒችትሪን አሠራር ሲያውቁት ነው። ዳታው የተቀመጠው ቢትሪቭ በተባለ የመዝገብ አያያዝ ነው። ቢትሪቭ በ1982 ቴክሳስ ውስጥ የተሠራ ነው። በ1987 ኖቬል ገዛው፤ ኋላ ላይ ፐርቬሲቭ ወደሚባል ኩባንያ ዞረ፤ በ2013 ደግሞ አክቲያን እጅ ገባ። ለእያንዳንዱ ድርጅት አንድ ፎልደር አለ። ፎልደሩ ውስጥ የደንበኛው፣ የዕቃው፣ የጆርናሉ ፋይል ለየብቻው ተቀምጧል። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን መዝገብ እየጠየቀ ያነባል፤ አንዱን ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ሌላውን ይጠይቃል።

ስለዚህ ወሳኙ ነገር አንድ ጥያቄ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። አንድ ሪፖርት 20,000 ጊዜ ይጠይቃል እንበል። በቢሮው ገመድ አንዱ ጥያቄ ግማሽ ሚሊሰከንድ (ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው) ቢፈጅ ጠቅላላው 10 ሰከንድ ይሆናል። አዳማ ካለ ቅርንጫፍ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ሲገባ አንዱ 40 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ግን 800 ሰከንድ ነው። ከ13 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። ኢንተርኔቱን ከ10 ሜጋ ወደ 50 ማሳደግ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። መንገዱ ሰፋ እንጂ አላጠረም።

ለቅርንጫፍ የሚያዋጣው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ፕሮግራሙ እዚያው ሰርቨሩ ላይ፣ ከዳታው ጎን ይሠራል። ወደ አዳማ የሚሄደው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው፤ ከአዳማ የሚመጣው ደግሞ የኪቦርድና የማውስ ትእዛዝ። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ፋይሉም አይጎዳም። ለዚህ ሰርቨሩ በቂ ሜሞሪ ሊኖረው፣ ለተጠቃሚዎቹም የማይክሮሶፍት ፈቃድ ሊገዛላቸው ይገባል። ገንዘብ ቢወጣ የማይቆጨኝ እዚህ ላይ ነው።

ቢሮው ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች መካከልም ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። በአነስተኛ ድርጅቶች የሚተከለው የፐርቬሲቭ ሞተር (የቢትሪቭን ፋይል የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም) ለጥቂት ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው ዓይነት ነው። በዚህኛው፣ ሰርቨሩ ላይ ሞተሩ ካልተነሣ፣ ጠዋት ቀድሞ ፋይሉን የከፈተው ኮምፒውተር የሁሉም በር ይሆናል። የሌሎቹ ጥያቄ በሙሉ በእሱ በኩል ያልፋል። እንግዲህ ቀድማ የምትገባው ካሸሯ ከሆነችና ኮምፒውተሯ አሮጌ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በእሷ ኮምፒውተር ፍጥነት ይሠራል። ሰኞ ፈጥኖ ማክሰኞ የሚንቀራፈፍ ፒችትሪ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። መፍትሔው ሶፍትዌሩን መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ መትከል ነው። ሞተሩ ማንም ሳይገባ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሣ ማድረግ ያስፈልጋል። ያኔ ጥያቄው የሚፈታው ዳታው ካለበት ነው።

ዋይፋይን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው፦ ለሒሳብ ክፍል ገመድ ይዘርጋለት። ሲግናሉ አንድ አፍታ ሲጠፋ ኢሜይል ምንም አይሆንም፤ የተከፈተ ቢትሪቭ ፋይል ግን ሊበላሽ ይችላል። አሮጌ 100 ሜጋ ስዊች (የኮምፒውተሮቹ ገመድ የሚገናኝበት ሳጥን) ካለም በጊጋቢት መቀየሩ ከሰርቨር ግዢ በእጅጉ የረከሰ ነው።

አንቲቫይረስም ሥራውን ያጓትታል። ፋይሉ በተነካ ቁጥር ልፈትሽ ይላል፤ የፒችትሪ ፋይል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይነካል። የዳታውን ፎልደርና የፕሮግራሙን ፎልደር ከቅጽበታዊ ፍተሻው ማውጣት ለውጡን ወዲያው ያሳያል። አንቲቫይረሱን ጭራሽ ማጥፋት ግን አይገባም። ሳምንታዊ ፍተሻው ማታ ይቀጥል።

ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዲስኩ ይታይ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመዞር 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ተበታትኖ የተቀመጠ ዳታ ሲጠየቅ በሰከንድ ከመቶ ብዙም አይዘልም። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) በሺዎችና በአሥር ሺዎች ይመልሳል። ሁለት አንድ ዓይነት ኤስኤስዲ ገዝቶ አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን ማሰር ለመካከለኛ ድርጅት ይበቃል። ሌላዋ በነፃ የምትስተካከል ናት። ዊንዶውስ ሰርቨር ሲጫን የኃይል አጠቃቀሙ «ሚዛናዊ» በሚለው ላይ ነው የሚነሣው፤ ፕሮሰሰሩም ራሱን ቀዝቀዝ አድርጎ ሊቆይ ይችላል። «ከፍተኛ አቅም» ወደሚለው ማዞር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መብራት እኛ አገር የፍጥነት ጉዳይም ነው። መብራት ሲሄድ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ለሰርቨሩ ብቻ ገዝቶ ስዊቹን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰርቨሩ በርቶ መንገዱ ሲጠፋ ጉዳቱ ያው ነው።

ፒችትሪ ውስጥም የሚነኩ ነገሮች አሉ። ቼክና ደረሰኝ ሲመዘገብ የባንኩን ቀሪ ሒሳብ በየጊዜው እንዲያሰላ የሚያዝ ምርጫ አለ፤ እሱ ሲጠፋ ምዝገባው ይፈጥናል። ሲከፈት የሚመጣው ገጽ ቀሪ ሒሳብና ግራፍ የሚደረድር ከሆነ ሌላ ቀለል ያለ ገጽ ማድረግ ይቻላል። ፖስት አደራረጉም (ምዝገባውን ወደ ሌጀር ማስተላለፉ) ሁለት ዓይነት ነው፦ ወዲያው ወይም ተጠራቅሞ። በቀን ብዙ መቶ ኢንቮይስ የሚመዘግብ ድርጅት አጠራቅሞ ማታ ፖስት ቢያደርግ ቀኑ ይቀለዋል። ግን ፖስት ሳይደረግ የወጣ ሪፖርት ጎዶሎ ነውና አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይያዝ።

ዕቃ በሚሸጡ ድርጅቶች ወደ ኋላ የሚመዘገብ ግዢ ከባድ ነው። ከሦስት ወር በፊት የተደረገ ግዢ ዛሬ ሲገባ፣ ከዚያ በኋላ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ እንደገና ሊሰላ ይችላል። ደረሰኙ በወቅቱ ለሒሳብ ክፍል ቢደርስ ይህ ሁሉ አይመጣም። መድኃኒቱ ከአይቲ ክፍል ሳይሆን ከግዢ ክፍል ነው የሚገኘው።

ፒችትሪ ሁለት የሒሳብ ዓመት አንድ ላይ ክፍት አድርጎ መያዝ ይችላል። ያለቀውን ዓመት በወቅቱ መዝጋት ነው የሚበጀው። የተዘጉ ዓመታትን ዝርዝር ማጽዳትም ይቻላል። ይህን የምመክረው ግን ሙሉ ባክአፑ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ፣ ተከፍቶ፣ ቁጥሩ ከታየ በኋላ ብቻ ነው። ኦዲተር ወይም ገቢዎች የድሮ ሰነድ ሲጠይቅ የሚከፈተው እሱ ነው።

ከፒችትሪ አልፈው ሴጅ 300ን፣ ዳይናሚክስን ወይም አገር ውስጥ የተሠራ ሲስተም የሚጠቀሙ ድርጅቶች ዳታቸው ብዙውን ጊዜ ኤስኪውኤል ሰርቨር በተባለ የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ላይ ነው። እዚያ ጥያቄው ሰርቨሩ ላይ ስለሚፈታ የመንገዱ ችግር ይቀልላል። ነፃው እትሙ ኤክስፕረስ ግን እስከ 2022 እትም ድረስ አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም፤ ለዳታው የሚይዘው ሜሞሪም 1.4 ጊጋባይት ገደማ ነው። 32 ጊጋ ሜሞሪ ተገዝቶለት ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ነው። የሚከፈልበት እትም ደግሞ ወሰን ካልተሰጠው ሜሞሪውን ሁሉ ይዞ ዊንዶውስን ያስርበዋል።

ለዚህ ሥራ ጊዜውም መመረጥ አለበት። የእኛ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፤ ፒችትሪ ሐምሌ 1ን ጁላይ 8 ብሎ ነው የሚያውቃት። ሒሳብ መዝገብ የሚይዙ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ አለባቸው። በእነዚህ 4 ወራት የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች እስከ ማታ ይቆያሉ፤ ያኔ ሰርቨር መነካካት የለበትም። ኅዳር ሲገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ ይጀመር። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ያው ጀነራል ሌጀር እንደገና በሰዓት ይለካ፤ የፈጀው ሰከንድም ደብተር ላይ ይጻፍ።