ላንድክሩዘር በሀዋሳና በአካባቢዋ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሀዋሳ ላይ «ላንድክሩዘር» የሚለው ስም ብዙ መኪና ይሸከማል። የቢሮ ኃላፊው «ቪ8»፣ የወረዳው አምቡላንስ «ሃርድ ቶፕ»፣ የፖሊሱ ፒክአፕ፣ ቱሪስት ጭኖ ጂንካና ቱርሚ የሚወርደው ባለ ፖርቶመጋላ (ጣራ ላይ የዕቃ መጫኛ ያለው) ስቴሽን ዋገን፣ ሁሉም ላንድክሩዘር ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ግን ሌላ ማብራሪያ ሳይጨመር «ላንድክሩዘር ገብቷል» ከተባለ ወሬው 70 ሲሪስ ስለሚባለው የሞዴል ቤተሰብ ነው። ይህ ዳሰሳም አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ይሰጣል፤ የበንሳን፣ የአሮሬሳንና የሁላን ጭቃ፣ የሎካ አባያንና የብላቴን ቆላ አቧራ የሚችለው እሱ ነውና።

አመጣጡ

የመኪናው ዘር ከኮሪያ ጦርነት ይጀምራል። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በደረሰበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ ቶዮታ «ቶዮታ ጂፕ ቢጄ» የተባለውን መኪና ሠራ። ሞተሩ ከጭነት መኪና የተወሰደ፣ 3.4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሙከራ ሹፌሩ ኢቺሮ ታይራ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጣበት፤ የጃፓን ብሔራዊ ፖሊስም 289 መኪና አዘዘ። «ጂፕ» የሚለው ስም የዊሊስ ኩባንያ ንብረት ስለነበር ሌላ ስም አስፈለገ። በ1954 የቴክኒክ ዳይሬክተሩ ሃንጂ ኡመሃራ፣ ከእንግሊዙ ላንድሮቨር በክብር የማያንስ ስም ይሁን ብሎ «ላንድክሩዘር» አለው።

በ1955 የ20፣ በ1960 የ40 ሲሪስ ተከተሉ። 40 ሲሪስ በ1974 የናፍጣ ሞተር አገኘ፤ ጃፓን ውስጥ እስከ 1984፣ ብራዚል ውስጥ ደግሞ «ባንዴራንቴ» በሚል ስም እስከ 2001 ተሠርቷል። ከእሱ ጎን የቤተሰብ መኪናው መስመር አደገ፦ 55 በ1967፣ 60 በ1980፣ ባሌስትራን (ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግን) በሞላ (በጥቅል ስፕሪንግ) የተካው 80 በ1989፣ 100 በ1998፣ 200 በ2007፣ 300 በ2021። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 በኋላ የላንድክሩዘር ጠቅላላ ሽያጭ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

በሀዋሳ

ሞኤንኮ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመ ሲሆን ለአሥርት ዓመታት የቶዮታ ወኪል ሆኖ አገልግሏል፤ ሀዋሳም ላይ ቅርንጫፍ አለው። መኪናው እዚህ ከተማ እንዲህ የበዛበት ምክንያት ግን ሻጩ ብቻ አይደለም። ሀዋሳ የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። የክልል ቢሮዎች፣ የጤናና የግብርና ፕሮጀክቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች ሁሉ እዚህ ተቀምጠው ሥራቸው ግን አስፋልት ከማይደርስበት ወረዳ ነበር። ኮድ 4 እና ኮድ 35 ሰሌዳ የለጠፉ ሃርድ ቶፖች የከተማዋ መልክ የሆኑት በዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀረው ክልል ሲከፈል ብዙ መሥሪያ ቤት ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። የጥገና እጁ ግን እዚሁ ቀርቷል፤ ባለሙያው የለመደውም ይኸው መኪና ነው።

70 ሲሪስ

የወጣው እ.ኤ.አ. በህዳር 1984 ሲሆን ዛሬም ይሠራል። እዚህ የሚታዩት ዓይነቶች ሦስት ናቸው። 76 ባለ አራት በር ስቴሽን ዋገን ሲሆን በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 2730 ሚሊሜትር ነው። 78 ሃርድ ቶፑ ነው፤ 2980 ሚሊሜትር፣ ከኋላ ሰው ፊት ለፊት የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ያለው። 79 ፒክአፑ ነው፤ 3180 ሚሊሜትር፣ በነጠላ ጋቢና፣ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ በደብል ጋቢና። ብዙዎቹ ሃርድ ቶፖች 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሰልባትዮዎች አሏቸው፤ በድምሩ 180 ሊትር። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ትልቁ ለውጥ በ1999 (እ.ኤ.አ.) መጣ። የፊት ባሌስትራ ቀርቶ ሞላ ገባ፣ የኋላው ባሌስትራ ግን እንዳለ ቆየ። ቸርኬውን የሚያስሩት ዳዶዎችም ከስድስት ወደ አምስት ወረዱ። ስለዚህ አሮጌውን 75 ከ78 እና ከ79 ለመለየት ጎማው አጠገብ ቆሞ ዳዶ መቁጠር ይበቃል። የድሮው የፊት ባሌስትራ ይበልጥ ጠንካራ ነበር የሚሉ አሉ። ጭነት በመሸከም ልክ ሊሆን ይችላል፤ በመሪ ቅልጥፍናና ሰውን ባለማድከም ግን ሞላው ያለ ጥርጥር ይበልጣል።

ሞተሩ

እዚህ አካባቢ ካሉት አብዛኞቹ 1 ኤችዜድ የሚባለውን የናፍጣ ሞተር ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4164 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው፣ 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ጉልበቱን የሚሰጠው በዝቅተኛ ዙር ነው፤ 285 ኒውተን ሜትሩ በ2200 ዙር ይገኛል። የናፍጣ ፖምፓው በሜካኒክ ብቻ ስለሚሠራ ኮምፒውተር አይፈልግም። ይህ ሞተር አይበላሽም ማለት ግን ስህተት ነው። ይበላሻል፤ የሚበላሸው ግን ቀስ ብሎ፣ ቀድሞ እየተናገረ ነው፤ ሲበላሽም በወረዳ ከተማ ባለ እጅ ይጠገናል።

ከፍታ የመጀመሪያው ፈተናው ነው። ሀዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አየሩ ከባህር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ከ2700 ሜትር በላይ ባለችው ሀገረ ሰላም ደግሞ ከሩብ በላይ ይጎድላል። ሞተሩ አየር ሲያጥረው የሚረጨው ናፍጣ በሙሉ ስለማይቃጠል የሁላን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጉልበት አነሰ ብሎ የፖምፓውን ናፍጣ ማስጨመር የተለመደ ጥፋት ነው። ጭስና ሙቀት ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ቱርቦ ማስገጠምም እንዲሁ ነው፦ የዚህ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ትንንሽ የቅድመ ማቃጠያ ክፍሎች ስላሉት ተጨማሪ ሙቀት ሲመጣ በእነሱ ዙሪያ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው የታይሚንግ ቺንጊያ ነው። በየ100 000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው መብራት የሚያስታውሰው ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ ቺንጊያው ሳይቀየር መብራቱ ብቻ እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ያገለገለ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቭ ይመታል፣ ቴስታታ ይወርዳል። ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ቺንጊያው የሚያገናኘው የናፍጣ ፖምፓውን ፑሊና የካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ፑሊውን ብቻ ሲሆን ፖምፓው በጥርስ ከክራንክ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ስለሚነዳ የክራንኩን ፑሊ መፍታት አያስፈልግም። ሽፋኑ ይነሳል፤ ክራንኩ በሰዓት አቅጣጫ ዞሮ ምልክቶቹ ይገጥማሉ፤ መወጠሪያው ይላላል፤ አዲሱ ቺንጊያ ከአዲስ መወጠሪያ ኩሽኔታ ጋር ይገባል። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ ክራንኩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞርና ምልክቶቹ እንደገና ይታያሉ። በአንድ ጥርስ እንኳ ከሳቱ ይፈታል። ቫልቮቹም የሚለኩት በዚሁ አጋጣሚ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፦ የማስገቢያው ክፍተት ከ0.17 እስከ 0.23፣ የማስወጫው ከ0.37 እስከ 0.43 ሚሊሜትር።

ሦስተኛው ውሃ ነው። በጄሪካን የተገዛ ናፍጣ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ከፊልትሮው ሥር ይጠራቀማል። ማስወገዱ አምስት ደቂቃ አይወስድም፦ ከታች ያለውን ማፍሰሻ ማላላት፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ መጫን፣ መልሶ ማጥበቅ። ሳይደረግ ከቀረ የሚበላው የፖምፓው ውስጥ ነው፤ ዋጋውም ከፊልትሮው ጋር አይወዳደርም።

አቧራና አየር

የሀዋሳ ዙሪያ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ነጩ ቀላል ድንጋይ ሲደቅ የሚሰጠው አቧራ እንደ ብርጭቆ ይቆርጣል። በንፋስ ፊልትሮ ክፍተት ከገባ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይሞርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ኮምፕሬሽን ያጣል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው፦ ከፊልትሮው ቤት ግርጌ ያለችው የጎማ አቧራ ማስወጫ ስትጠፋ ወይም ፊልትሮው በኃይለኛ ኮምፕሬሰር ተነፍቶ ወረቀቱ ሲቀደድ። መንፋት ካስፈለገ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከራቅ ብሎ ነው። ከነፉ በኋላ አምፖል ውስጡ አስገብቶ በጨለማ ማየት ያስፈልጋል፤ ብርሃን በነጥብ ከወጣ ይጣላል።

የፊት አክስልና ሞዞ

የዚህ መኪና የታወቀ ድካም የፊት አክስሉ ጫፍ ላይ ያለው፣ መሪ ሲዞር የሚሽከረከረው ድቡልቡል ብረት ነው። ውስጡ ያለው የዘይት ማኅተም ሲያረጅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ግራሶው ይፈስና ሁለቱ ተቀላቅለው ቀጭን ሾርባ ይሆናሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ድቡልቡሉ በዘይት ይርሳል፣ አቧራ ይይዛል፤ ሲብስ ዘይቱ ከጎማው ውስጥ ጎን ይወርዳል፣ ዲፈረንሻሉም ዘይት ይጎድለዋል። መሪ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ሲነዳ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ መገጣጠሚያው ተጎድቷል ማለት ነው።

ጥገናው በሁለቱም ጎን አንድ ላይ ቢሠራ ይሻላል። ጎማ፣ የፍሬን ካሊፐር፣ ፍሪ ዊል (የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያቆልፈው)፣ የሞዞ (የጎማው እምብርት) መቆለፊያ ዳዶ፣ ሞዞ፣ የሞዞው ግንድ፣ በመጨረሻም አክስሉ ከነመገጣጠሚያው ይወጣል። መቆለፊያው ዳዶ 54 ሚሊሜትር ስለሆነ በመዶሻና በመሮ ሳይሆን በራሱ ቁልፍ ይፈታ፤ በመሮ የተቀጠቀጠ ዳዶ በኋላ ልኩን አይይዝም። ኩሽኔታዎች፣ ማኅተሞችና ጓርኒሲዮኖች (የመገጣጠሚያ ማሸጊያዎች) አዲስ ይሁኑ። መገጣጠሚያው ሞሊብዲነም ባለበት ግራሶ ይታሸጋል፤ ድቡልቡሉ ደግሞ ሦስት አራተኛው ብቻ ይሞላል። የላይና የታች ኩሽኔታዎቹ ጥብቀት የሚለካው በስፕሪንግ ሚዛን እየጎተቱ ነው። ቀጭን ሺሞቹን (የክፍተት ማስተካከያ ስስ ብረቶቹን) ያቀያየረ መካኒክ ይህን ሳይለካ ከዘጋው መሪው ይከብዳል ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይንቀጠቀጣል።

ፍሪ ዊሉ ጭቃ ውስጥ ከተገባ በኋላ ሳይሆን ከመገባቱ በፊት ይቆለፍ። በደረቅ አስፋልት ላይ በኤች4 (በአራቱም ጎማ) መንዳት አክስሎቹንና ክሮቼራዎቹን (የማስተላለፊያ ዘንጉን መገጣጠሚያዎች) ይወጥራል፤ ቀስ ብሎ የሚሰብረው ይህ ነው።

የኋላ ባሌስትራ ሲሰበር ብዙ ሰው ጭነትን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የላላ ዩ ቦልት ነው፤ አዲስ ባሌስትራ ከገባ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ መልሶ ካልጠበቀ የመሃል ቡሎኑ ይቆረጣል፣ አክስሉም ይንሸራተታል።

ቪ8 እና ሌሎቹ

200 ሲሪስ ለሕዝቡ «ቪ8» ሆነ፤ ስሙም የባለሥልጣን መኪና ማለት እስኪሆን ደረሰ። ለረጅም አስፋልት ጥሩ መኪና ነው። በ2007 (እ.ኤ.አ.) በ70 ሲሪስ ላይ የገባው 4.5 ሊትር ቪ8 ናፍጣም ጉልበቱ አያከራክርም፤ ሞተሩን ለማስገባት ግን የፊት አክስሉ ስለሰፋ የኋላ ጎማዎች በፊተኞቹ ዱካ አይሄዱም፤ ጭቃ ውስጥ ይህ ይታወቃል። በ2023 ክብ መብራት የተመለሰለትና ባለ አራት ሲሊንደር 2.8 ሊትር ሞተር ያለው ወጥቷል።

ሲገዛ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ ተሽከርካሪ ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ላንድክሩዘር እየተጠገነ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ፍተሻውም ጠበቅ ማለት አለበት።

ቻሲስ ቁጥሩ ከፊት ቀኝ ጎማ አጠገብ በቻሲሱ ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። የሞዴል ኮዱ ደግሞ ሞተሩን ይናገራል፦ በኤችዜድጄ የሚጀምር 1 ኤችዜድ፣ ቪዲጄ ቪ8 ናፍጣ፣ ጂአርጄ 4.0 ሊትር ቤንዚን ማለት ነው። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዙሪያው አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግዢው እዚያው ይቁም። ከዚያ ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሳ፤ ጠዋት ነጭ ጭስ ከተፋና ቶሎ ካልጠራ ካንዴሊታዎቹ (ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቁት) ወይም ኮምፕሬሽኑ ተዳክሟል። ሲሞቅ የራዲያተሩ ውሃ አረፋ ካወጣ ቴስታታው ወይም ጓርኒሲዮኑ ይጠረጠር። በመጨረሻ መኪናው ሥር ገብቶ ሁለቱን የፊት ድቡልቡሎች በእጅ መዳሰስ ነው፤ በሽያጭ ዋዜማ በቤንዚን የታጠበ ከሆነ ከአሥር ኪሎ ሜትር ሙከራ በኋላ እንደገና ይታይ።