«ሳይቃጠል በቅጠል»፦ የቱ ቅጠል?

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ ከአባይ ማዶ ወደ ጊዮርጊስ በባጃጅ ስመጣ ከጎኔ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ወጣቷ ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታህል እብጠት አግኝታለች። «ግን አያመኝም፣ በዘራችንም ካንሰር የለም» አለች። ጠና ያሉት እናት ቀበል አድርገው፣ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ! ቅጠል ቀጥቅጠው የሚለጥፉ ሰው አውቃለሁ፣ እወስድሻለሁ» አሏት።

አንጀቴ እርር አለ። አትቆዪ ማለታቸው ትክክል ነው። ግን ተረቱን ይዘው ስለ መድኃኒት ቅጠል ያወራሉ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው አመጣጥ የእሳት ነው። እኔም አይቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን ከጣና ዳር አያቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው፤ አንዳንዴ በጋውንም። አንድ በጋ ሣሩ ተያይዞ ወደ ጎረቤት የጤፍ ክምር መሳብ ጀመረ። አጎቴ የብሳና ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ዘንጥሎ የእሳቱን ጠርዝ ይመታል። «ዳሩን! ዳሩን ምቱት!» ይላል። እሳቱ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቅጠል ይበቃዋል። ወገብ ከደረሰ ግን ያው ቅጠል ማገዶ ነው።

ጥሩ ታሪክ ነው። እኔን ግን አያጠግበኝም። እሳት ይነዳል፣ ይያያዛል፣ ይቀጣጠላል። ተረቱ ስለ እሳት ቢሆን «ሳይቀጣጠል» ባለን ነበር። «ሳይቃጠል» ሲል የሚቃጠል ነገር አለ። ያ ነገር ደግሞ፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ ዳቦ ነው።

አያቴ ድፎ ልትጋግር ስትል መጀመሪያ ወደ ጓሮ ነበር የምትሄደው፣ ኮባ ለመቁረጥ። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ ታደርገዋለች፤ አለበለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የመሃል አጥንቱን በቢላ ትልጠዋለች። ከዚያ ምጣዱ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ታነጥፍና ሊጡን ትገለብጥበታለች። ጠርዙን ታጥፋለች፣ ከላይም ታለብሳለች፣ ትከድናለች፣ ክዳኑ ላይ ፍም ትበትናለች። ዳቦው ሲወጣ የቅጠሉ ሥር ጀርባው ላይ ታትሞ ይገኛል። እኔ ያንን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ እቆርስ ነበር።

አንድ ቀን ኮባ ስላነሳት ሊጡን እንዲሁ ጣደችው። ሽታው ሲመጣ ክዳኑን አነሳች፤ ከሥሩ ከስሏል። ያኔ አንድ ጫካ ኮባ ብታመጡ ምን ይሠራል? ቅጠሉ የሚነጠፈው ጭስ በሌለበት፣ ሽታ በሌለበት፣ ሊጡ ገና ነጭ ሳለ ነው። ማስረጃ አምጪ ካላችሁኝ በእጄ ያለው የዳቦ ሽታ ብቻ ነው።

ኮባውን ያነሳሁት የማህፀን በር ካንሰርን ስለሚያስታውሰኝ ነው። እሱን የሚያመጣው ኤች.ፒ.ቪ የሚባል ቫይረስ አይቸኩልም። ጤናማ የመከላከል አቅም ባላት ሴት ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤች.አይ.ቪ ኖሮባት ሕክምና ባልጀመረች ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት ይበቃዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሕመም የለም፣ ደም የለም። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ክትባት ኮባው ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚደረገው ቅድመ ምርመራ ደግሞ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። መሣሪያው የሚያስፈራ አይደለም፤ ከኮምጣጤ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ የቀጠነ አሲድ በጥጥ ይቀባል። ነርሷ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይወገዳል፣ ገና ካንሰር ሳይሆን።

ጡት ላይ ነገሩ ይለያል። የተዳሰሰ እብጠት ካለ «ሳይቃጠል» የሚባለው አልፏል፤ ያለነው አጎቴ ቅርንጫፍ የዘነጠለበት ሰዓት ላይ ነው። እርግጥ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። አለማመሙ ግን ዋስትና አይሆንም፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። በዘር አለመኖሩም እንደዚያው ነው፤ ከሚታመሙት የሚበዙት በቤተሰባቸው ታማሚ የሌላቸው ናቸው። መታየት አለበት፣ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ቅጠል ተለጥፎበት ሁለት ወር ሲከርም እሳቱ ወገብ ይደርሳል።

ተረቱን የምናበላሸው ባጃጅ ውስጥ ብቻ አይደለም። ነገር ከተበላሸ በኋላ ስብሰባ ጠርቶ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ኃላፊ ስንት አለ! ክምሩ አመድ ሆኖ ቅርንጫፍ ይዞ የሚመጣ ሰው መንደራችን ቢያይ ይስቅበት ነበር።

ይህን ሁሉ ባጃጅ ውስጥ አላልኩም። ጊዮርጊስ ልንደርስ ስንል «እናቴ ይቅርታ፣ ተረቱ ስለ መድኃኒት ቅጠል አይደለም እኮ» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ኮባው፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ አጎቴም ነገርኳቸው። ወጣቷን «ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አሳዪው፣ እነሱ ሆስፒታል ይጽፉልሻል» አልኳት። ሴትዮዋ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት? አብሬሽ እሄዳለሁ።»