ኤርላንግ ምንድን ነው?

ኤርላንግ እንደ ኪሎና እንደ ሊትር መለኪያ ነው፤ የሚለካው ግን ወሬ ነው። አንድ የስልክ መስመር ፋታ ሳያገኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ከተወራበት የተሸከመው ጭነት 1 ኤርላንግ ይባላል። አንድ ሰው ብቻውን ሰዓቱን ይጨርሰው፣ ወይም 30 ሰዎች እየተቀባበሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ ያውሩበት፣ ለመለኪያው ያው ነው።

ስሙ የሰው ስም ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ለኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ዴንማርካዊ የሂሳብ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያ ጽሑፉን፣ በ1917 ደግሞ ዛሬም የሚሠራበትን ቀመር አወጣ። የያዘው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ይህን ያህል ደንበኛ ካለ ስንት መስመር ይበቃል?

ድሮ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ነገሩን ያሳያል። 60 ያህል ሠራተኞች ነበርን፤ ጠረጴዛው ሁሉ ስልክ አለው። ወደ ውጭ የሚያወጡት መስመሮች ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። 9 ቁጥርን ተጭነህ ቲት ቲት ቲት ካለ መስመሮቹን ሌሎች ይዘዋቸዋል ማለት ነው፤ ስልኩን ዘግተህ ሻይህን ትጠጣለህ። እንግዲህ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት የሁላችንም ወሬ ተደምሮ 60 ደቂቃ ይሆናል እንበል። ይህ 1 ኤርላንግ ነው። ታዲያ አንድ መስመር መቼ አነሰን?

ያንሳል፤ ሰው ተራ ይዞ አይደውልማ። አንዴ ሦስቱ እኩል ያነሳሉ፣ አንዴ ደግሞ አሥር ደቂቃ ሙሉ የሚደውል አይገኝም። በኤርላንግ ቀመር ሲሰላ በአንድ መስመር ከ100 ጥሪ 50ው አይሳካም። በሁለት መስመር የሚከሽፈው 20 ነው፣ በሦስት 6 ገደማ፣ በአራት 1.5። አምስተኛው ሲጨመር ከ1000 ጥሪ የሚወድቀው 3 ብቻ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ሁለተኛው መስመር ብዙ ችግር አቃለለ፣ አምስተኛው ግን ዋጋው ያው ሆኖ ያተረፈው እፍኝ የማትሞላ ነው። ስለዚህ የትኛውም የስልክ ኔትወርክ ሲሠራ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ከመቶ ስንቱ ቢወድቅ እንችለዋለን?» ብሎ ይወስናል። በሞባይል ብዙ ጊዜ የሚወሰደው 2 ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እንዲደውል ተብሎ የተሠራ ኔትወርክ የትም አገር የለም።

የሞባይል ታወርም ከዚያ መሥሪያ ቤት ብዙም አይለይም። በ2ጂ አንድ ፍሪኩዌንሲ ለ8 ተራ ይከፈላል፤ አንዱ ለኔትወርኩ የራሱ መልእክት ሲቀር 7ቱ ለወሬ ይውላሉ። ከመቶ 2 እንዲወድቅ ከተፈቀደ 7ቱ የሚችሉት 2.9 ኤርላንግ ገደማ ነው፤ ሁለት ሁለት ደቂቃ ለሚያወራ ሰው በሰዓት ከ90 ጥሪ በታች ማለት ነው። መስመሩን 14 ብታደርጉት ግን አቅሙ 8.2 ይደርሳል። እጥፍ ጨምረን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! «ድር ቢያብር» የሚባለው በሂሳብም ይሠራል።

ታዲያ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት ላይ ኔትወርኩን ምን ይነካዋል? ቀመሩ አንድ ነገር ተማምኖ ነው የተሠራው፦ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጉዳይ፣ በራሱ ሰዓት ይደውላል። በዋዜማ የሁላችንም ጉዳይ አንድ ነው። ደግሞ ቀመሩ መስመር ያጣ ሰው ትቶ ይሄዳል ብሎ ያስባል። እኛ እንተዋለን? አሥሬ እንደግማለን። እያንዳንዱ ድጋሚ ጥሪ አዲስ ጭነት ሆኖ ይመጣና ያው የተጨናነቀው በር ላይ ይቆማል። በዚያ ሰዓት ቴክስት ይሻላል፤ የወሬ መስመር አይዝም፣ ተቀባዩ ባይገኝም ተቀምጦ ይጠብቃል።

በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የሚሄድ ጥሪ ሌላ ጠባይ አለው። ለብቻው የተያዘለት መስመር የለም፤ ድምፁ ተቆራርሶ ከሌላው ዳታ ጋር እየተጋፋ ይሄዳል። ስለዚህ ሲጨናነቅ አትከለከልም፤ ውጭ አገር ያለችው እህትህ ታነሳለች፣ ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታው ሁሉ «ሃሎ? ይሰማሻል? አሁንስ?» ነው።

እናቴ ኤርላንግ የሚባል ሰው መኖሩን አታውቅም። ለበዓል የምትደውለው ግን ሁልጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ስልኬም በመጀመሪያው ሙከራ ይጠራል።