ፈርን የምትበላው የእሳት እራትና የፍሎሪዳው ሊጎዲየም

ኒዮሙሶቲማ ኮንስፐርካታሊስ ከስሟ በጣም የምታንስ የእሳት እራት ናት። ክንፎቿ ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር ናቸው። ተዘርግተው ቢለኩ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። ትሏ ሌላ ተክል አይጥመውም፤ ቀለቡ ዛፍ ላይ የሚጠመጠሙት ሊጎዲየም የሚባሉ ፈርኖች (አበባ የማያወጡ ተክሎች) ናቸው።

እናቲቱ እንቁላሎቿን በፈርኑ ቅጠል ላይ አንዳንዴ ነጠላ፣ አንዳንዴ ጥቂት ጥቂት አድርጋ ትጥላለች። እንቁላሉ ጠፍጣፋና ፈዛዛ ቢጫ ነው። አዲስ የተፈለፈለው ትል አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቅጠሉን መቁረጥ አይችልም፤ ለስላሳውን ክፍል እየፋቀ ይበላል። ከፍ ሲል ግን ቅጠሉን እንዳለ ይጨርሰዋል። አምስት የእድገት ደረጃዎች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቆዳውን ይጥላል። መጨረሻ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርስና እዚያው ተክሉ ላይ ፑፓ ይሆናል፤ ይህም ትሉ ሳይበላ ወደ ክንፋም የሚለወጥበት ደረጃ ነው። በሞቃት ወራት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጉዞ አንድ ወር ገደማ ነው። ስለዚህ በዓመት ብዙ ትውልድ ይፈራረቃል።

የትውልድ አገሯ ከህንድና ከስሪላንካ ጀምሮ በደቡብ ምሥራቅ እስያ በኩል እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ይደርሳል። ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው።

ዝነኛ ያደረጋት ፍሎሪዳ ነው። ለጌጥ የገባው ሊጎዲየም ማይክሮፊለም በ1960ዎቹ ከአትክልት ቦታ አምልጦ በዱር ታየ። ይህ ፈርን 30 ሜትር ድረስ ይወጣል፣ ዛፉን አልብሶ ፀሐይ ይከለክለዋል። ሰደድ እሳት ሲነሳ ደግሞ ነበልባሉ በሐረጉ ላይ ተሳቦ ጫፍ ይደርሳል። የሚራባበትን ዱቄት መሰል ስፖር ነፋስ ስለሚበትነው ቆርጦም ሆነ መድኃኒት ረጭቶ መጨረስ ከባድ ነው።

በፎርት ላውደርዴል ያለው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምርምር ጣቢያ ያኔ ወደ ተክሉ አገር ፊቱን አዞረ። በአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ካለው አጋር ጣቢያ ጋር ሆኖ ለዓመታት በትዕግሥት ጠላቱን ፈለገ። የእሳት እራቷ በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሊጎዲየም ስትበላ ተገኘች። ከእሷ በፊት ግን ዕድሉ የተሰጠው ለዘመዷ ለአውስትሮሙሶቲማ ካምፕቶዞናሌ ነበር። ከ2004 ጀምሮ ተለቀቀች፣ አልበረከተችም። የኛዋ ባለታሪክ በ2008 በጆናታን ዲኪንሰን ስቴት ፓርክ ተለቀቀች። ከዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ትሎቹ ተራብተው ሰፊ የፈርን ምንጣፍ ቡናማ አደረጉት። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ይህ ብርቅ ፍጥነት ነው።

ያም ሆኖ ፈርኑ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። በዚያው በ2008 የተለቀቀችው ፍሎራካሩስ የምትባል ማይት (የሸረሪት ዘመድ የሆነች ደቃቃ ፍጥረት) የምታጠቃው አዲሱን ለጋ ቅጠል ስለሆነ ሁለቱ ይደጋገፋሉ ተብሎ ይታሰባል። ትሎቹን የሚገድሉ የአገሬው ጥገኛ ተርቦችም አሉ። በብርድ ወራት የትሎቹ ቁጥር በጣም ያሽቆለቁላል። በ2013 ዴቪ ከተማ ላይ የማራቢያ ሕንፃ ተከፍቶ መልቀቁ ቀጥሏል።

አንድ ጥያቄ ከመለቀቋም በፊት ተነስቶ ነበር። ሰሜን አሜሪካ የራሷ ሊጎዲየም አላት፤ ሊጎዲየም ፓልማተም ይባላል፣ በአፓላቺያን ተራሮች አካባቢ ይበቅላል። ትሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሱንም መብላት ይችላል። ተመራማሪዎቹ የዚያን አካባቢ የብርድ ወራት አትቋቋምም ብለው ፈቃድ አገኙ። ውርጭ በሚጥልበት አካባቢ አለመበርከቷን ስናይ መልሳቸው አሳማኝ ይመስላል።