«መጨረሻው የታለ?»፦ ክፍት መጨረሻ ስላላቸው የቴሌቪዥን ድራማዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ድራማ ብቻውን የሚያይ ሰው ብዙም አይገኝም። ፀጉር ቤቱም፣ ጀበና ቡናውም፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ተጋርተው የተከራዩት ክፍልም ያው ነው፤ አንድ ስክሪን ካለ አራት ተንታኝ አለ። ድራማው መልስ ሳይሰጥ ያለቀ ቀን ደግሞ ተንታኙ ሁሉ ዳኛ ይሆናል። ደጋግሜ ከምሰማቸው ፍርዶች በጥቂቶቹ ላይ ይግባኝ ልበል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ደራሲው ሐሳብ ስላለቀበት ነው»

በጣም የተለመደው ይሄ ነው፤ ሲበዛ ስህተት የሆነውም ይሄው ነው። ዝነኛውን ምሳሌ እንይ። «ዘ ሶፕራኖስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ 86 ክፍሎች ከታየ በኋላ ሰኔ 2007 ላይ አለቀ። በመጨረሻው ትዕይንት የማፍያው አለቃ ቶኒ ተራ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቤተሰቡን ይጠብቃል። በሩ ሲከፈት ደወል ይጮኻል፣ ቶኒ ቀና ይላል፣ ከዚያ ካሜራው እሱ ያየውን ያሳየናል። ደወል፣ ፊቱ፣ ያየው ሰው። ሚስቱ ትገባለች። ወንድ ልጁ ይገባል፤ ከፊቱ ቀድሞ የገባ አንድ የማናውቀው ጃኬት ለባሽ ባንኮኒው ጋ ቁጭ ብሎ ይቆይና ወደ መጸዳጃ ቤት ያልፋል። ሴት ልጁ ውጭ መኪናዋን ለማቆም ትታገላለች። በመጨረሻ ደወሉ ይጮኻል፣ ቶኒ ቀና ይላል፣ ስክሪኑ ድርግም። ዘፈኑም መሃል ላይ ይቆረጣል። አሥር ሰከንድ ያህል ጥቁር ብቻ፣ ከዚያ የሠሪዎቹ ስም ይመጣል።

ብዙ አሜሪካዊ ኬብሉ የተበላሸ መስሎት ነበር። ሐዋሳ ቢሆን መጀመሪያ የሚደረገው በመስኮት ብቅ ብሎ ጎረቤት ቤት መብራት መኖር አለመኖሩን ማየት ነው።

ያ ጥቁር ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የተቀመጠው «ቶኒ ያየው ነገር» ሁልጊዜ በሚመጣበት ቦታ ላይ ነው። ክፍሉን የጻፈውም ያዘጋጀውም የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ቼዝ ራሱ ነው፤ ሐሳብ ያለቀበት ሰው ደግሞ እንዲህ ደወል እየቆጠረ አይሠራም። «ሞቷል» የሚሉት ጥቁሩ ሞቱ ነው ይላሉ። «አልሞተም» ባዮቹ ሰውየው ቀሪ ዕድሜውን በየደወሉ ቀና እያለ እንደሚኖር ነው የተነገረን ይላሉ። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ አደላለሁ፤ የሁለተኛዎቹም ሐሳብ ቢሆን ስክሪኑ ላይ ከታየው ጋር አይጣላም።

«ልብ አንጠልጥሎ ማቆምም ያው ክፍት መጨረሻ ነው»

አይደለም። «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ በመጋቢት 1980 ጄ. አር. የተባለውን ዋና ገጸ ባሕሪ በጥይት አስመትቶ ለእረፍት ወጣ። ማን እንደተኮሰ የታወቀው በኅዳር ነው፤ ያን ምሽት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 83 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል። ልብ አንጠልጣይ ማቆሚያ ላይ መልሱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ክፍት መጨረሻ ግን መልሱን ተመልካቹ ዘንድ ጥሎ ይሄዳል።

«ያከራከረ መጨረሻ ሁሉ ክፍት ነው»

«ሎስት» ይህን ለማፍረስ ይበቃል። ከአውሮፕላን አደጋ ተርፈው ደሴት ላይ ስለቀሩ ሰዎች የሚተርክ ድራማ ነው፤ ግንቦት 2010 ላይ ሲያልቅ «ለካ ሁሉም ከመጀመሪያው ሞተው ነበር» የሚል ወሬ ተነሣ፤ እስከ ዛሬም አልበረደም። ክፍሉ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። የዋናው ገጸ ባሕሪ አባት ለልጁ በደሴቱ ላይ የደረሰው ሁሉ በእውነት የሆነ እንደነበረ፣ ሁሉም በየጊዜው እንደሞቱ፣ አንዳንዶቹ ከእሱ በፊት፣ አንዳንዶቹም ከእሱ ብዙ ዓመት በኋላ መሆኑን በግልጽ ይነግረዋል። ከሞት በኋላ የተገናኙበት ሥፍራ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ጎን ለጎን ስናየው የከረምነው ሌላኛው ሕይወት ብቻ ነው። ሰዉን ያሳሳተው በመጨረሻ ከሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ጋር የታየው ሰው አልባ የአውሮፕላን ስብርባሪ ነው። እሱን ያስገባው ደግሞ ጣቢያው ኤቢሲ ነበር፤ ተመልካቹ ከድራማው በቀጥታ ወደ ዜና እንዳይገባ ትንሽ መተንፈሻ ይሁነው ብሎ። ደግ አስቦ ነገር አበላሸ።

«ክፍሉ የሚቆመው ደራሲው በፈለገበት ቦታ ነው»

በአማርኛ የተቀዱ የቱርክ ድራማዎችን በቃና ያየ ሰው ይህን መጠርጠር ነበረበት። በቱርክ አንድ ክፍል ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ይደርሳል፤ ለውጭ አገር ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ ይቆራረጣል። ስለዚህ ፍቅረኛዋ በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቷ ላይ ቆሞ «ይቀጥላል» የሚለው ነገር፣ ለደራሲዋ ተራ የመሃል ትዕይንት ሊሆን ይችላል።

«የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ ሰው አይወድም»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ይህን የሚሉ ሰዎች ጥሩ ማስረጃ አላቸው፤ እንቆቅልሽን ይጠቅሳሉ። መልሱ ያቃተው ሰው ሀገር ሰጥቶም ቢሆን መልሱን ይሰማል፤ «ሀገር ወስደህ መልሱን ደብቅ» የሚባል ጨዋታ የለንም። እውነት ነው። ግን ያው ሕዝብ ቅኔ ሲዘረፍ ወርቁ እንዲነገረው አይጠብቅም፤ ያመለጠው ሰው ባለቅኔውን አይከስም፣ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል እንጂ። ስለዚህ ያልተነገረ ነገርን መሸከም ለዚህ ተመልካች አዲስ አይደለም።

ታዲያ ቁጣው ከየት መጣ? አረብ ሰፈር አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ ካስክ ውስጥ ለተቀመጠች ደንበኛዋ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ፦ «እህቴ፣ ሞቷል ካሉኝ ይሁን፤ ጠፍቷል ካሉኝም ይሁን። እዚህ የጠፉት ግን ራሳቸው ናቸው!» ከብዙ ሐያሲ የተሻለ ነው የለየችው። ተመልካቻችን የተቃጠለው ስፖንሰር ሲሸሽ በድንገት በሚቆሙ፣ ዋና ተዋናዩ ሲለቅ «ውጭ አገር ሄዷል» ተብሎ በሚዘለልባቸው፣ «ሲዝኑ አለቀ» ብለው ወጥተው በማይመለሱ ድራማዎች ነው። እንዲህ የተጎዳ ሰው ታስቦበት የተከፈተ መጨረሻ ሲያይ «ጀመራቸው!» ቢል አይፈረድበትም።

«ወደፊት ተመልካቹ መጨረሻውን ራሱ ይመርጣል»

ተሞክሯል። ፊልምና ድራማ በኢንተርኔት የሚያሳየው ኔትፍሊክስ በታኅሣሥ 2018 «ባንደርስናች» የተባለውን ሥራ አወጣ፤ ተመልካቹ እየተጫነ ይመርጣል፣ ታሪኩ ወደ ተለያዩ መጨረሻዎች ይሄዳል። ጫጫታው ትልቅ ነበር። በ2025 ግን ኩባንያው ራሱ ከመድረኩ አወረደው። አልገረመኝም፤ ወደ ኋላ ተመልሼ ሌላውን መሞከር ከቻልኩ የምከራከርበት ነገር አይኖረኝም።

«ቴሌቪዥን ሞቷል፤ ስለ መጨረሻው መጨነቅ ከንቱ ነው»

ስክሪኑ ነው የተቀየረው። የፓርኩ ሠራተኞች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለው ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት ያንኑ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ልዩነቱ የዳታው ጥቅል ሲያልቅ ትዕይንቱ ደራሲው ባላሰበበት ቦታ መቆሙ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «1899» የተባለው የጀርመን ድራማ በኅዳር 2022 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ሠሪዎቹ ያቀዱት ለሦስት ምዕራፍ ስለነበር የመጀመሪያው ያለቀው ሁሉን ነገር በሚገለብጥ አዲስ ጥያቄ ነው፤ በጥር 2023 ድራማው መሰረዙ ተነገረ። ዛሬ ይህን ሳያውቅ የሚያየው ሰው መጨረሻውን እንደ ረቂቅ ጥበብ ሊተነትነው ይችላል፤ የተቆረጠ ሥራ ታስቦበት የተከፈተ መስሎት። ስለዚህ አንድ ድራማ ግራ አጋብቶን ሲያልቅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሠሪዎቹ ያ ክፍል የመጨረሻቸው መሆኑን ያውቁ ነበር ወይ የሚለው ነው። የአገራችን አዘጋጆችም ይህን ቢነግሩን ምንም አይጎድልባቸውም፤ በመጨረሻው ክፍል ላይ «ተፈጸመ»፣ ገንዘብ ላጠረው ደግሞ «ለጊዜው ቆሟል» ብሎ መጻፍ ስፖንሰር አይጠይቅም።