በቤዝመንት የሚሠራ የጨው ውሃ አኳሪየም የመሣሪያ ክፍል

የመሣሪያ ክፍል ማለት የቤት ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየምን ውሃ የሚያጣሩ፣ የሚያሞቁና የሚያዘዋውሩ ዕቃዎች ከማሳያው ገንዳ ተለይተው የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ገንዳው ሳሎን፣ ክፍሉ ደግሞ ከሥሩ ቤዝመንት ውስጥ ሲሆን ውሃው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል፤ እዚያ ሳምፕ በሚባለው የታችኛው ገንዳ ተጣርቶ በፓምፕ ይመለሳል። ከላይ የሚታየው ዓሣና ኮራል ብቻ ነው። የፓምፑ ድምፅ፣ በአየር አረፋ ቆሻሻን ከውሃው የሚለየው የአረፋ ማጣሪያ ሽታ፣ የሚንጠባጠበው ጨው ሁሉ ከታች ይቀራል። ከገንዳው ሥር ባለው ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ ተንበርክኮ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ቆሞ የሚሠራበት ክፍል ሲያገኝ ገንዳውን ይበልጥ ይንከባከባል፤ ለዓሣውም ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

ውሃን ከመሬት በታች አስቀምጦ ከላይ ያለውን ገንዳ በእሱ ማኖር አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ዓሣና የውሃ ተክል በአንድ ዕቃ ውስጥ ተደጋግፈው መኖር እንደሚችሉ አሳየ፤ ቀጥሎም ሙከራውን ወደ ባሕር ውሃ አሻገረው። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት ከፈተ። በተከታዩ ዓመት የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ መጽሐፍ ሲወጣ «አኳሪየም» የሚለው ቃል በየቤቱ ገባ፤ ገንዳውም አብሮ ገባ። ከእነዚህ ገንዳዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አጭር ነበር፤ ውሃቸው ጥቂት ነው፣ ብርሃን ይበዛበታል፣ አይንቀሳቀስም።

መፍትሔውን በሥራ ያሳየው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። ሎይድ ለንደን ውስጥ የባሕር ውሃ፣ የባሕር እንስሳትና የገንዳ ዕቃዎች የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ በ1864 የተከፈተውን የሃምቡርግ አኳሪየም መርቷል፤ በ1871 ለንደን ውስጥ ሥራ የጀመረውን የክሪስታል ፓላስ አኳሪየምም ያቀደው እሱ ነው። የሎይድ መርሕ አጭር ነው፦ ሕዝብ ከሚያየው ውሃ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ከታች በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ ያለማቋረጥም ይዘዋወር። ጨለማው አልጌ እንዳይበቅል ያደርጋል፤ ብዛቱ ደግሞ ሙቀቱም ሆነ ብክለቱ በድንገት እንዳይለወጥ ይከላከላል። ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ አንቶን ዶርን በጣሊያን ኔፕልስ ያቋቋመው የባሕር ጥናት ጣቢያ በ1874 አኳሪየሙን ሲከፍት የሎይድን ምክር ተቀብሎ ነበር። ዛሬ በቤዝመንቱ 500 ሊትር ሳምፕ የሚያስቀምጥ የቤት አኳሪየም ባለቤት፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የሎይድ ተማሪ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን የአረፋ ማጣሪያው ከጀርመን ተስፋፋ፤ በ1980ዎቹም ማጣሪያን ከገንዳው ሥር በሳምፕ ማስቀመጥ በቤት ውስጥ ተለመደ።

ቦታና ወለል

ቤዝመንት የሚመረጥበት ቀዳሚ ምክንያት ክብደት ነው። 1,000 ሊትር የባሕር ውሃ 1,025 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ መሬት ላይ ያረፈ የኮንክሪት ወለል ይህን ያለ ችግር ይሸከማል። ከላይ ያለው የማሳያው ገንዳ ወለል ግን የተለየ ጉዳይ ነው። በተለይ በእንጨት ተሸካሚ ላይ የተሠራ ወለል በመሐንዲስ ሳይታይ ትልቅ ገንዳ ሊጫንበት አይገባም። የመሣሪያ ክፍሉ በቀጥታ ከገንዳው ሥር ከሆነ ምሰሶ ለመጨመርም ያመቻል፤ ቧንቧውም አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል።

ወለሉ ወደ ፍሳሽ መውረጃ ትንሽ ማዘንበል አለበት። የቤቱ የፍሳሽ መስመር ከቤዝመንቱ ወለል ከፍ ብሎ ካለፈ ጉድጓድ ተቆፍሮ የራሱ ፓምፕ ይገባለታል። የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ቅንጦት አይደለም፤ እሱ የሌለው ክፍል በባልዲ የሚመላለስ ክፍል ነው። ለግድግዳው ውሃ የማይጎዳው የሲሚንቶ ሰሌዳና የሚታጠብ ቀለም ተመራጭ ነው።

ውሃው ሲወርድ

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የውሃው አወራረድ ነው፤ ቤት የሚያጥለቀልቀው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነውና። የታመነበት አሠራር ሦስት መውረጃ ቧንቧዎችን ይጠቀማል። የመጀመሪያው አየር ሳይገባበት ሙሉ በሙሉ በውሃ ተሞልቶ ይወርዳል፤ መጠኑ ከታች ሳምፑ አጠገብ በተገጠመ ጌት ቫልቭ (ፍሰቱን ቀስ በቀስ በሚከፍትና በሚዘጋ መቆጣጠሪያ) ይመጠናል። በውሃ የተሞላ ቧንቧ ድምፅ የለውም። ሁለተኛው ቧንቧ ከአየር ጋር ጥቂት ትርፍ ውሃ ብቻ ያወርዳል። ሦስተኛው ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ ሁለቱ ቢደፈኑ ውሃውን ሁሉ ብቻውን መሸከም አለበት። አንድ ቀንድ አውጣ ወይም የአልጌ ጉንጉን ቧንቧ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ሦስተኛውን ቧንቧ «አያስፈልግም» ብሎ መተው ትልቅ ድፍረት ነው። በመንገዱ ላይ ባለ 90 ዲግሪ ኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያ) ከማድረግ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ማድረግ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ከገንዳው ላይ የተወሰነ ውሃ መውረዱ አይቀርም። 180 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ውሃው በ3 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ 32 ሊትር ገደማ ይወርዳል፤ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የ3 ሜትር ቧንቧም ወደ 6 ሊትር ይይዛል። ሳምፑ ለዚህ ሁሉ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የመመለሻው ቧንቧ አፍ በገንዳው ውስጥ ጠልቆ ከተቀመጠ ደግሞ ፓምፑ ሲቆም ውሃውን ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል፤ አፉ ከውሃው የላይኛው ገጽ እምብዛም ሳይርቅ ሲቀመጥ ግን ቶሎ አየር ስቦ ይቆማል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ቫልቭ ለዚህ ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም፤ ጨውና ቀንድ አውጣ ክዳኑን ከፍተው ያስቀሩታል።

ተቃራኒው አደጋ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መውረጃው ተዘግቶ ፓምፑ ቢቀጥልስ? ፓምፑ የሚስብበት የሳምፕ ክፍል አነስተኛ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ገንዳ ሳይሞላ ፓምፑ ውሃ ያልቅበታል፤ ሳሎኑም ይድናል።

ፓምፕ

በፓምፕ ሣጥን ላይ «በሰዓት 10,000 ሊትር» ተብሎ ቢጻፍ ይህ ወደ ላይ ሳያነሣ የሚገፋው መጠን ነው። ከቤዝመንት እስከ ገንዳው አፍ 3 ሜትር ያህል ከፍታ አለ፤ ይህም 0.3 ባር ገደማ ግፊት ነው። ከፍተኛ ማንሻው 4 ሜትር የሆነ ፓምፕ እዚያ ከፍታ ላይ የሚሰጠው የስሙን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የፓምፑ የከፍታና የፍሰት ሠንጠረዥ ይታይ። ሰፊ ቧንቧ መምረጥም ይጠቅማል፤ ፍሰቱ ሳይለወጥ የቧንቧው ስፋት በእጥፍ ቢጨምር በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት 30 ጊዜ ያህል ያንሳል። በሰዓት ስንት እጥፍ ውሃ በሳምፑ ማለፍ አለበት የሚለው ያከራክራል፤ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ይበቃል የሚለው አስተያየት የሚያመዝን ይመስላል፤ ኮራሎቹ የሚፈልጉት ማዕበል ገንዳው ውስጥ ካሉ ፓምፖች ይገኛልና።

አየርና እርጥበት

ብዙዎች ቧንቧውን አሳምረው አየሩን ይረሳሉ። ከትልቅ ገንዳና ሳምፕ በቀን 10 ሊትር ውሃ ቢተን ያ ሁሉ የሚሄደው ወደ ክፍሉ አየር ነው። መስኮት በሌለው ቤዝመንት ውስጥ ሻጋታ፣ የዛገ ብሎን፣ የላላ ቀለም ያስከትላል። ትነቱ ሙቀትም ይወስዳል፤ አንድ ሊትር ሲተን 0.67 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ከውሃው ይዞ ይሄዳል፤ በ10 ሊትር ሲሰላ ያለማቋረጥ ከሚሠራ የ280 ዋት ማሞቂያ ጋር የሚስተካከል ነው። ሳምፑን መክደን እርጥበቱንም የማሞቂያውን ወጪም አብሮ ይቀንሳል።

ቀሪውን እርጥበት ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋን ወይም እርጥበት የሚመጥ ማሽን ይወስዳል። ፋኑ በእርጥበት መለኪያ ቢታዘዝ መልካም ነው፤ እርጥበት መጣጩ ግን ክፍሉን ስለሚያሞቅ በሞቃት ወቅት ራሱ ችግር ይሆናል። በዚያው ቤዝመንት ውስጥ ጋዝ ወይም ዘይት የሚያቃጥል ማሞቂያ ካለ፣ አየር ማስወጫው ጭሱን ከጭስ ማውጫው ወደ ቤት ሊስብ ይችላል። ይህ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ማለት ነው። ለሚወጣው አየር ምትክ የሚገባበት መንገድ መኖር አለበት፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይሰቀል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድም አለ። ሰው የሚተነፍስበት የተዘጋ ቤት አየር ከውጭው አየር የበለጠ ይህን ጋዝ ይይዛል፤ ውሃው ሲቀበለው ፒኤቹ ይወርዳል፣ ማለትም አሲድነቱ ይጨምራል። የአረፋ ማጣሪያው አየር የሚስብበትን ቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት ብዙ ጊዜ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። ለኮራሎች ካልሲየም በሚያሟሙ ማሽኖች ላይ የሚገጠም የጋዝ ሲሊንደር ካለ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ታች ይከማቻል፤ ቤዝመንት ደግሞ ከታች ነው።

ኤሌክትሪክና ብረት

ወደ ምድር የሚፈስ ኤሌክትሪክን ቆርጦ የሚያጠፋ መከላከያ ግዴታ ነው። በአውሮፓ ለዚህ የተለመደው መጠን 30 ሚሊ አምፒር ነው፤ በአሜሪካ 5 ሚሊ አምፒር ገደማ። አንድ መከላከያ ሁሉንም እንዳያጠፋ የመመለሻው ፓምፕና የገንዳው ውስጥ ፓምፖች በተለያየ መስመር ይሁኑ። ሶኬቶች ከሳምፑ በላይ ሳይሆን ራቅ ብለው ጎን ላይ ይቀመጡ፤ ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፤ ጠብታው እዚያ ይወርዳል። ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ሁለት ትናንሽ ይሻላሉ፤ አንዱ በርቶ ቢቀር ውሃውን ቶሎ አይቀቅለውም። መዳብና ነሐስ ውሃውን እንዳይነኩ፤ መዳብ የጀርባ አጥንት የሌላቸውን የባሕር እንስሳት ይገድላል። ቧንቧው ፒቪሲ ፕላስቲክ ይሁን።

የውሃ ዝግጅት

ክፍሉ ሁለት በርሜል ያስተናግዳል፤ አንዱ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራ ንጹሕ ውሃ፣ ሌላው ጨው የተሟሟበት። ጨዋማነቱ በሺህ 35፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን ለመለወጥ ዝግጁ ነው። የተነነውን የሚተካው ንጹሕ ውሃ በተንሳፋፊ ቫልቭ ይገባል፤ ይህ መስመር ግን ከቤቱ የውሃ ቧንቧ በቀጥታ ከተገናኘ ቫልቩ በተጣበቀ ቀን ጨዋማነቱ ይፈርሳል፣ ወለሉም ይጥለቀለቃል። መጠኑ በተወሰነ በርሜል በኩል ማሳለፍ ይሻላል። አዲስ የመጡ ዓሣዎች የሚቆዩበት ገንዳም እዚሁ ይገባል።

ጨው ከመግባቱ በፊት

ሁሉም ነገር ሲያልቅ መጀመሪያ በቧንቧ ውሃ ተሞልቶ ይሞከራል። ፓምፑ ይጠፋል፤ ውሃው ወርዶ ሲቆም ሳምፑ ምን ያህል እንደሞላ ይታያል፤ ካልፈሰሰ ፓምፑ እንደገና በርቶ ሳለ ውሃው የሚቆምበት መስመር ላይ ምልክት ይደረጋል። የመጀመሪያው መውረጃ በእጅ ይዘጋል፤ ሁለተኛው ይዘጋል፤ ሦስተኛው ብቻውን ይሸከም እንደሆነ ይታያል። ማጣበቂያ የተቀባ መጋጠሚያ ሁሉ በደረቅ ወረቀት ይዳሰሳል። ከሳምፑ ምልክት በላይ ውሃ ፈጽሞ እንዳይጨመር በትልልቅ ፊደል ይጻፍበታል፤ ባለቤቱ በሌለበት ቀን ገንዳውን የሚያየው ሌላ ሰው ነውና።